ዘንዶው እጀታው ላይ ይቀመጥ፣ ጥርሱን ግን አይንካብን፦ ስለ አሮስቶ ሹካ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ትልቅ አሮስቶ ሲቆረጥ ሥጋውን ይዞ ስለሚያቆመው ትልቅ ሹካ ነው፤ እሱም ስለ ተራው ሳይሆን እጀታው የዘንዶ ራስ፣ ጊታር፣ ሰይፍ ወይም የባሕር ንጉሥ ጦር መስሎ ስለሚሠራው ዓይነት። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል፣ ያስቃልም። ችግሩ ያለው ምክሩ ላይ ነው። አንድ ሰው ያንን ምክር አምኖ ሹካ ቢገዛ፣ ትልቅ ሥጋ ጠብሶ እንግዳ የጠራ ዕለት ያፍርበታል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። የሹካ ሥራ ሥጋውን መያዝ ብቻ ስለሆነ የጥርሱ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ስለዚህ መመረጥ ያለበት በእጀታው ነው ይላሉ። ሹካ ሲወጋ የሥጋውን ጭማቂ ስለሚያፈስ አጭርና ደነዝ ጥርስ ይሻላል ይላሉ። ጥራት የሚታወቀው በክብደት ነው፣ ማግኔት የሚይዘው ሹካ ደግሞ እውነተኛ ስቴንለስ አይደለም ይላሉ። የጣት መከላከያ ያለፈ ዘመን ጌጥ ነው፣ የድብ መዳፍ የሚመስሉት ባለ ጥፍር መያዣዎችም ሹካን ሙሉ በሙሉ ተክተውታል ይላሉ። በመጨረሻም ዕቃው በአብዛኛው ለስጦታ ስለሚገዛ ማማሩ ብቻ ይበቃዋል ብለው ይዘጋሉ።

የምንስማማበትን ላስቀድም። ትልቅ ጥብስ ሰው ተሰብስቦ የሚበላው ምግብ ነው፤ ቆራጩም የሁሉም ዓይን ያረፈበት ሰው ነው። በእጁ የያዘው ዕቃ ትንሽ ቢያስቅ ምን ክፋት አለው? «የወጥ ቤት ዕቃ ቀልድ አያውቅም» የሚሉ ሰዎችን ጸሐፊው መገሠጻቸው ትክክል ነው። ጌጠኛ እጀታ አዲስ ነገርም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢላዋ፣ ሹካና መሳያ አንድ ላይ ተደርገው ሲሸጡ የአጋዘን ቀንድ እጀታ በጣም የተለመደ ነበር፤ ወጣ ገባነቱም እጅ እንዳይንሸራተት ይረዳ ነበር። ስለዚህ በእጀታው ላይ ያለውን ቀልድ አልቃወምም። ጠቤ ቀልዱ ወደ ጥርሱና ወደ መጋጠሚያው ሲወርድ ነው።

«ማንኛውም ጥርስ ይበቃል» ከሚለው ልጀምር፤ የቀሩት ስህተቶች የተወለዱት ከሱ ነውና። ቢላዋ ሥጋ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሥጋውን ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያዞረዋል። በአንድ ምስማር የተመታ ጣውላ በምስማሩ ዙሪያ ይዞራል፤ ሁለተኛው ሲመታበት ግን ይቆማል። ሹካ ሁለት ጥርስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ካሞገሷቸው አንዱ የሰይፍ ቅርጽ ያለው ሲሆን ፊቱ ላይ ያለው አንድ ሹል ብረት ብቻ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። አጥንቱ የወጣለት የበግ ታፋ ላይ ሲሰካ ግን ቢላዋው የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳይጨርስ ሥጋው በሰይፉ ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ቆራጩ ለማስቆም ይጫነዋል፤ ሲጫነው መክተፊያው ይንሸራተታል፤ በመጨረሻ ሰይፉን ይተውና ሥጋውን በግራ እጁ ጣቶች ይይዛል። ሹካ የተፈጠረው እኮ ጣት እዚያ እንዳይገባ ነበር።

ሁለት ጥርስ መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። እንደ እባብ ምላስ ጫፉ ላይ ብቻ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሞገድ ሞገድ የሚል ጥርስ ያላቸው ሹካዎች አሉ። ጥርሶቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ሥጋውን ከመዞር የማስቆም አቅማቸው ከአንድ ጥርስ ብዙም አይሻልም። ሞገዱ ደግሞ ሲገባ በግድ ይገባል፣ ሲወጣ የሥጋውን ክር እየቦጨቀ ይወጣል። በደንብ የበሰለ ሥጋ ላይ ቁራጩ ሳህን ሳይደርስ ይፈራርሳል። በባሕር ንጉሥ ጦር ቅርጽ የሚሠሩት ባለ ሦስት ጥርስ ሹካዎች ላይ ደግሞ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተመለሰ አለ። መንጠቆ የሚሠራው ዓሣ እንዳያመልጥ ነው፤ እዚህ ግን ሹካው ከሥጋው መውጣት አለበት።

ሦስት ጥርስ በራሱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። በ1ኛ ሳሙኤል 2 ላይ የካህኑ ብላቴና ይዞት የሚመጣው ሜንጦ፣ ማለትም የሥጋ ማውጫ ሹካ፣ ሦስት ጣት ያለው ነው። ልብ በሉ ግን፣ ሥራው የተቀቀለ ሥጋ ከድስት ውስጥ ማውጣት ነው። ለማንሣት ከሆነ ጥርስ መብዛቱ ሸክሙን ያከፋፍላል፤ ለመቁረጥ ሲሆን ግን ከቢላዋው ፊት የሚቆም ተጨማሪ ብረት ነው። ጸሐፊው የማንሣትንና የመያዝን ሥራ አንድ አድርገው ስላዩ ነው «ማንኛውም ጥርስ» ያሉት።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ለአሮስቶ የሚሠሩ ሹካዎች ጥርሳቸው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ምክንያቱ እስከ እጀታው ድረስ ይሰካ ተብሎ አይደለም፤ እጅ ከቢላዋውና ከትኩሱ ሥጋ እንዲርቅ ነው። ቀጥ ያለ ይሁን ቆልመም ያለ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ቀጥ ያለው ጥልቅ ብሎ ለመሰካት ይመቻል። ቆልመም ያለው ግን ጀርባው ክብ በሆነ ሥጋ ላይ ስለሚያርፍ ሳይወጉ ተጭኖ ለመያዝ ያገለግላል፤ ቁራጩንም ከቢላዋው ጋር አጣምዶ ወደ ሳህን ያሻግራል። እኔ የምመርጠው ቆልመም ያለውን ነው።

አሁን ወደ ጭማቂው። ይህ ወሬ ከጸሐፊው በፊትም የነበረ ነው፤ ሥጋን በውኃ እንደተሞላ ፊኛ ያየዋል፤ አንዴ ከተወጋ አለቀለት። ሥጋ ግን ፊኛ አይደለም። ውኃው በጣም ብዙ በሆኑ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ውስጥና መካከል ተከፋፍሎ የተያዘ ነው። ጭማቂ በዋናነት የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ክሮቹን የሸፈነው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ እየተኮማተረ ውኃውን ይጨምቀዋል። መሐሉ 70 የደረሰ አሮስቶ መሐሉ 57 ላይ ከወጣው ይልቅ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም አንድም ጊዜ ባይወጉም።

ስሌቱንም እንሞክረው። ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጥርሶች 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቀው ቢገቡ፣ የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ሙሉ ብንቆጥር እንኳ የሚከፈተው ገጽ ከ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይደርስም። ቢላዋው 12 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ሲያነሣ ግን በሥጋው ላይ ብቻ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፍታል፤ ያውም አንዱን ቁራጭ ብቻ ቆጥረን። ሥጋውን ሊቆርጡት ተቀምጠው በሹካው መፍራት ውኃ የማያነሣ ምክንያት ነው። ጭማቂው እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከኦቭን ያወጣውን ትልቅ ሥጋ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያሳርፈው፤ ክሩንም ተሻግሮ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጠው።

ደነዝ ጥርስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሹል ጥርስ በትንሽ ግፊት ክሮቹን ለይቶ ይገባል። ደነዙ ግን መጀመሪያ ሥጋውን ይጫነዋል፣ ላዩ ላይ ያለውን ጥርት ያለ ቅርፊት ይሰብረዋል፣ ከዚያ በድንገት ይሰምጣል። ያ ግፊት ራሱ ጭማቂ ያወጣል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያነሡት የቀረ፣ ቢያነሡት ኖሮ አብሬያቸው የምቆምበት ነጥብ አለ። ጥሬ ሥጋን መውጋት ሌላ ጉዳይ ነው። ባልተፈጨና ባልተወጋ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ የሚገኘው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው፤ ሹካ ሲገባ ይዞት ወደ መሐል ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ የበሬ፣ የበግና የአሳማ ሥጋ የሚመክረው የመሐል ሙቀት 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ነው፤ ለዶሮ 74 ነው። ስለዚህ ጥሬውን ሲያገላብጡበት የነበረውን ሹካ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳያጥቡ የበሰለው ላይ አለመመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ደግሞ በጥልቅ የተቀረጸ ጌጥ የጥርሱ ሥር ድረስ የወረደበት ሹካ አልወድም። ስቡ ገብቶ የሚደርቅበት ስንጥቅ በዓይን እንኳ አይታይም።

«ከባዱ ጥሩ ነው» የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ባለ ቅርጽ እጀታዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከሚፈስ የዚንክ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ 390 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይሞላ ስለሚቀልጥ የዘንዶን ቅርፊት እያንዳንዷን ጭረት ጠብቆ ለማውጣት ርካሽና ምቹ ነው። ክብደቱ ከብረት ብዙም አያንስም፤ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት ክብደት 7.8 ግራም ገደማ ሲሆን የዚንክ ቅይጡ 6.6 ገደማ ነው። ስለዚህ እጅ ላይ ከበድ ማለቱ ስለ ጥንካሬው የሚነግረን ነገር የለም። እንዲያውም ክብደቱ ሁሉ እጀታው ላይ ሲከማች ሹካው ሳህን ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ቆራጩም ጥርሱ የት እንዳለ በእጁ አይሰማውም።

ከክብደት ይልቅ መታየት ያለበት ብረቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ነው። 4 ኪሎ የሚመዝን አሮስቶ በሹካ ተነሣ እንበል፤ የሥጋው መሐል ከእጀታው አፍ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ብረቱ እጀታው ውስጥ የገባው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ብረቱ እንደ መፈንቅል ስለሚሠራ የእጀታው አፍ ላይ የሚያርፈው ጫና 24 ኪሎ ይሆናል። ያው ብረት 10 ሴንቲ ሜትር ቢገባ ግን ጫናው ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። ሥጋው ያው፣ እጁም ያው ነው። በሙጫ ብቻ የተያዘ አጭር ብረት መጀመሪያ ነቅነቅ ይላል፤ በነቀነቀው ክፍተት ውኃና ስብ ይገባል፤ ሲቆይ ዘንዶው በአንድ እጅ፣ ሹካው ከነሥጋው መሬት ላይ ይገኛል። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ግዢ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ፍተሻ ቀላል ነው። እጀታውን በአንድ እጅ፣ ጥርሱን በሌላው ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ማጠማዘዝ። ምንም እንቅስቃሴ ወይም ትንሽም የቅጭ ድምፅ ካለ መተው ነው። ከዚያ ሁለቱን ጥርሶች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጭመቅ፤ በቀላሉ ከተገናኙ ከስስ ላሜራ የተቆረጡ ናቸው። የብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ 8 እጥፍ ስለሚያድግ፣ 1 ሚሊ ሜትር የምታመጣው ልዩነት ከባድ ነው። በመጨረሻ እጀታውን ሥጋ እንደሚቆርጡ ሆኖ ጨብጦ ትንሽ መቆየት ነው። የዘንዶው ክንፍ መዳፍ የሚወጋው በሦስተኛው ቁራጭ ላይ እንጂ ገና ሲይዙት አይደለም። ሙሉ ለሙሉ ለስላሳና ድቡልቡል የሆነ እጀታ ደግሞ ስብ የነካው እጅ ውስጥ ይሽከረከራል፤ የጊታሩ አንገት በዚህ በኩል ጠፍጠፍ ስላለ ይሻላል።

ማግኔቱን በተመለከተ ጸሐፊው በግልጽ ተሳስተዋል። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው እንጂ ማግኔት የማይዘው ብረት አይደለም። 18/10 የሚባለው፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል ያለበት፣ በአብዛኛው ማግኔት አይዘውም፤ ዝገትንም በደንብ ይቋቋማል። ነገር ግን በሙቀት ሊጠነክር ስለማይችል ቀጭን ጥርስ ከሱ ሲሠራ ጎብጦ ሊቀር ይችላል። ለቢላዋና ለጥሩ የአሮስቶ ሹካ የሚመረጠው፣ ግማሽ በመቶ ያህል ካርቦንና ወደ 15 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ጠንካራው ዓይነት፣ ማግኔት ይይዘዋል። እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ያቀለጠው፣ ከስቴንለስ ብረት ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሣው ብረት 12.8 በመቶ ክሮሚየም የነበረበት የዚሁ ጠንካራ ወገን ነው፤ በጸሐፊው መለኪያ ቢሄድ እሱም «እውነተኛ ስቴንለስ አይደለም» ተብሎ ሊጣል ነው። በሌላ በኩል ኒኬል የሌለበት ርካሹ 18/0ም ማግኔት ይይዘዋል። ስለዚህ ማግኔቱ በአንድም በሌላም አይፈርድም።

የጣት መከላከያን በአጭሩ። ከጥርሱ በላይ፣ እጀታው አጠገብ ተነሥታ የምትቆም ትንሽ ብረት ናት፤ ብዙዎቹ የድሮ ሹካዎች ላይ ስትታጠፍ ትተኛለች። ቆራጩ ቢላዋውን ወደ ሹካው አቅጣጫ ሲስብ ቢላዋው አጥንት ነክቶ ቢሾልክ፣ በጥርሱ ላይ ተንሸራቶ የሚመጣው ወደ ጣቱ ነው። መከላከያዋ እዚያ ታቆመዋለች። ሁልጊዜ ወደ ውጪ ለሚቆርጥ ሰው ላታስፈልግ ትችላለች፤ እስከዚህ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ የሚሠራ ነገርን ጌጥ ነው ብለው ጥለው፣ የማይሠራውን ክንፍ ግን «የግድ ነው» ማለታቸው ይገርማል። ብልህ ሠሪ ቢኖር ክንፉን ራሱን መከላከያ አድርጎ ይሠራው ነበር።

ባለ ጥፍሮቹ መያዣዎች ለአንድ ሥራ እውነትም ወደር የላቸውም። ለሰዓታት በዝግታ በስሎ መሐሉ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለፈ ወርች፣ ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ተቀይሮ ሥጋው በራሱ ክር ክር ስለሚል፣ በሁለቱ ጥፍሮች በደቂቃ ተፈትቶ ያልቃል። እዚህ ሹካ አይወዳደራቸውም። ነገር ግን ሽንጥ ወይም ታፋ በስሱ ለመቁረጥ ሲሆን ጥፍሩ ሥጋውን ሰፊ ቦታ ይዞ ይሸፍናል፤ እጅም ከሥጋው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ቢላዋው ከሚወርድበት ጎን ይቀመጣል። መቦጨቅና መቁረጥ ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ሌላውን ተካ ሊባል አይችልም። ብዙዎቹ ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆኑ ትኩስ መጥበሻ ላይ ረስቶ መተው አይቻልም።

የቀረው ስጦታነቱ ነው። ጸሐፊው ስጦታ ከሆነ ማማሩ ይበቃል ያሉት ተቀባዩ አይጠቀምበትም ብለው አስበው ይመስለኛል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እንዲህ ያለ ሹካ የተሰጠው ሰው በአዘቦት ቀን መሳቢያ ውስጥ ይተወውና እንግዳ የሞላ ዕለት፣ ሥጋው ትልቅ በሆነበት፣ ሰጪውም ምናልባት ማዕድ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት ያወጣዋል። በዓመት አንዴ የሚሠራ መሣሪያ በዚያች ዕለት እንዲሠራ ይጠበቅበታል።

ስለ አያያዙም ስጦታው ላይ ሁለት መስመር ቢጻፍ ጥሩ ነው። ቀለም የተቀባ፣ የእንጨት ወይም የቀንድ እጀታ ያለው ሹካ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ዚንክ ላይ የተለበጠው ልባጥ ከተላጠ በኋላ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ማባያ ውስጥ ማቆየት አይገባም፤ አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል። ሰጪው ሹካውን የመረጠው በእርግጥ ለግድግዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ በግልጽ ጽፎ፣ ከጎኑ አንድ ተራ ባለ ሁለት ጥርስ ሹካ አብሮ ይጠቅልለት።